ድመቴ የታመመችበት ፋሲካ

ልጄ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጎረቤታችንን «አንቺ መርዘኛ!» እያለ ሲጮኽባት እኔ አልጋ ሥር በደረቴ ተኝቼ ድመቴን ለማውጣት እየታገልኩ ነበር። የፋሲካ ዕለት ነው፣ ከምሳ በኋላ። መንገዱ ዘመድ ለመጠየቅ በሚወጣና በሚገባ ሰው ሞልቷል። በዚያ ሰሞን የአሶሳ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስለምታግለው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የለም፤ ሰው ሁሉ ደጅ ማንጎ ሥር ነው። ልጄ የተናገረውን ያልሰማ የሰፈር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ድመቷን ትቼ ወጣሁ። ጉልበቴ እሺ ብሎኝ በረንዳው ላይ እስክደርስ ቃሉ ወጥቶ አልቋል። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ የለውዝ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆማለች። አልተሳደበችም። «ወላሂ አላደረግሁም» አለች አንዴ፣ ከዚያም ወደ ቤቷ ገባች።

«ምን አድርጋህ ነው?» አልኩት ልጄን።

«ድመትሽን ገደለቻት!»

«ድመቴ አልሞተችም።»

«ትሞታለቻ! አላየሻትም እንዴ? ለሃጯ እየተዝረከረከ፣ በላይ በላዩ እያስመለሳት። የአይጥ መርዝ ነው። ደግሞ ራሷ አይደለች እንዴ "አንድ ቀን እጨርሰዋለሁ" ያለችው? በጆሮሽ ሰምተሻል።»

ሰምቻለሁ። በዚህ ልጄ አልዋሸም።

ጎረቤቴ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በሯ ላይ ተቀምጣ የተቆላና የተፈጨ ለውዝ እየሸጠች ነው። እኔ ከወለጋ የመጣሁ ነኝ። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ጊዜ ጓዛችንን ጭኖ እዚህ አወረደን፣ እዚሁ ቀረን። እሷ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋ አንላላክም። ዳቦና ለውዝ ግን በዓል በመጣ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ ይሄዳል፣ ይመጣል። በዚያን ቀን ጠዋትም በሰሃን የተቆላ ለውዝ ልካልን ነበር።

ጠባችን የመጣው በጫጩት ነው። ድመቴ በአጥሩ ሥር ሾልካ ጫጩቶቿን ትወስድባታለች። ከፆሙ ማብቂያ በፊት አንድ ቀን ጎረቤቴ ላባ በእጇ ይዛ መጣችና በሬ ላይ ቆመች።

«ሀቦባ፣ ይሄን እይ! ድመትህን እሰር። አለዚያ አንድ ቀን እጨርሰዋለሁ!»

ሀቦባ የምትለኝ አያት ማለቷ ነው። በአማርኛዋ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው፤ እኔም ከለመድኩት ቆየሁ። ያን ዕለት የተናገረችው በንዴት ነው። ጫጩት የተበላባት ሴት ምን ትበል? እኔም ብሆን ከዚያ የባሰ እል ነበር። ጥፋቱ የድመቴ ነበርና ይቅርታ ጠይቄያት፣ ልጄ የአጥሩን ሥር በሽመል ሊደፍነው ቃል ገብቶ፣ ሳይደፍነው በዓሉ ደረሰ።

የአይጥ መርዝ መግዛቷም እውነት ነው። በዚያ ዓመት አይጥ የሰፈሩን እህል ሁሉ ስለጨረሰ ያልገዛ አልነበረም። ልጄም ገዝቷል፤ በቤታችን ጣሪያ ማዕዘን ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ልጄ ጮኾ ሲጨርስ ወደ ሳሎን ስገባ ያየሁት ነገር ነው ያስደነገጠኝ። እንግዳ ሆና የመጣች የምራቴ ዘመድ ከጎረቤቴ ለውዝ አንድ ጭብጥ አንስታ ነበር። እጇን ከፈተችና ለውዙን መልሳ ሰሃኑ ላይ አፈሰሰችው። አፏ ውስጥ የነበረውንም ቀስ ብላ በመሐረቧ ተፋችው።

ያኔ ገባኝ። ሰው በእጁ ዳስሶ የሚገዛው ሸቀጥ አለ፣ አፉ ውስጥ የሚከተው ሸቀጥ አለ። ጨርቅ ሻጭ ብትሆን ኖሮ መርዘኛ መባሉ ያስቀይማት ነበር እንጂ አያስርባትም። የሚበላ ነገር የምትሸጥን ሴት መርዘኛ ብሎ በአደባባይ መጥራት ግን ልጆቿን ማስራብ ነው። ድመቴ ብትሞት አለቅስላት ነበር፤ አልዋሽም፣ እግሬ ላይ ነው የምትተኛው። ጎረቤቴ ግን ሳይጣራ ስሟ ከጠፋ ማልቀስ አይመልሰውም።

«ያየኸው ምንድን ነው?» አልኩት ልጄን።

«ምን?»

«ስትሰጣት አይተሃል? መርዙን አይተሃል? ድመቷ ከእሷ ግቢ ስትወጣ አይተሃል?»

«እማዬ፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ? ነገሩ ግልጽ ነው። ነገ ሽማግሌ ሰብስቤ አስጠራታለሁ።»

«ነገ ሽማግሌ ከመሰብሰብህ በፊት እኔ ሳልነግርህ ከዚህ ግቢ እግርህን እንዳታነሳ።»

ሚስቱ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ልጄ ሁለት ልጆች የወለደ፣ መሥሪያ ቤት የሚገባ ሰው ነው። ቢሆንም ቁጭ አለ።

ምራቴ ወተት አሙቃ አመጣች። መርዝ የነካው ሁሉ ወተት ሲጠጣ ይሻለዋል ይባላል፤ እኛም ቤት ስናድግ እንዲሁ ነበር። ድመቷን ከአልጋ ሥር አውጥተን፣ አፏን ፈልቅቀን በማንኪያ አጠጣናት። ወዲያው አስመለሰችው። እንደገና አጠጣናት፣ እንደገና አስመለሰችው። ዓይኗ ፈዝዞ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘረረች። «ተይ፣ በቃት» አልኳት ምራቴን።

ከዚያ ማንም የማይወደውን ሥራ ሠራሁ። በስንጥር ትውከቱን በተንኩት። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይዟል።

«በበዓል ቀን ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ?»

«አንተ ፈርደሃል፤ እኔ ገና ምስክር እየሰማሁ ነው።»

ወተቱ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አለ። ልጄ ናቀው። «ሣር ነው እኮ! ሁልጊዜ ትበላለች።» እውነት ነው፣ ትበላለች። ድመቴ በዓል ሲሆን የሳሎኑን ጉዝጓዝ እንደ ራሷ ድግስ ነው የምትቆጥረው። ቄጠማው ገና ሳይበተን መሐሉ ገብታ ትንከባለላለች፣ ጫፍ ጫፉን ትቆረጥማለች፣ አንዳንዴም ትንሽ ታስመልስና ደህና ትሆናለች። ይህ ግን ሌላ መሰለኝ። ቄጠማን ከልጅነቴ ጀምሮ ስበትን ኖሬያለሁ፤ በጣት ሲያንከባልሉት ጎኑ ይቆረቁራል። ከስንጥሩ ጫፍ ላይ ያነሳሁት ግን ጠፍጣፋና ወፍራም ነው፣ ሲጫኑት ውሃ ይወጣዋል። በፌስታል ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ድመቷን በቅርጫት አድርጌ፣ በአሮጌ ነጠላ ሸፍኜ ባጃጅ አስቆምኩ።

«እማማ፣ ዶሮ ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ድመት ናት።»

«ድመት በባጃጅ! የት ልትሄድ ነው፣ ለፋሲካ ዘመድ ጥየቃ?»

«ሐኪም ቤት።»

ዞሮ አየኝ። «እማማ፣ እኔ ራሴ ሳምንት ሙሉ አሞኝ ሐኪም ቤት አልሄድኩም።»

«አንተን ደግሞ የሚወስድህ ይፈለግልሃል። ንዳ!»

የእንስሳት ክሊኒኩ በበዓሉ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ጥበቃው የሐኪሙን ቤት አሳየኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ በቁምጣ ወጣ። ቅርጫቱን ገልጦ ሲያይ ፈገግ አለ።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔ የለመድኩት ቀንድ ያለውን ነው። በሬ፣ ፍየል፣ ሲበዛ አህያ። ድመት ይዞ የመጣልኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።»

«እንግዲህ ዛሬ ልመዳት» አልኩት።

ድዷን ገልጦ አየ፣ አፏን አሸተተ፣ ሆዷን ዳሰሰ። የአይጥ መርዝ ስለመሆኑ ጠየቅሁት።

«የአይጥ መርዝ አንድ ዓይነት አይደለም» አለ። «አንዱ ደም ያፈስሳል፤ ድዷ ላይ ደም የለም። አንዱ ከአፍ ይሸታል፤ እሱም የለም። ግን በዚህ ብቻ "አይደለም" ብዬ አልምልልዎትም። ምን በልታለች?»

ፌስታሉን አወጣሁለት። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያጨማድድ ነበር፤ እሱ ግን በደስታ ተቀበለኝ። «ይሄን ያመጣልኝ ሰው የለም እኮ!» እያለ በውሃ አጥቦ በነጭ ሰሃን ላይ ዘረጋው። አራት ማዕዘን የሚመስሉ ቁርጥራጮች ናቸው፣ ጠርዛቸው የተቀደደ።

«ቄጠማ ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«እኔም አይመስለኝም። ቤት ውስጥ አበባ አለ?»

«እኔ የማይበላ ነገር አልተክልም። የምራቴ ግን ሳሎኑ ሙሉ ነው።»

«ሄደው ይፈልጉልኝ። ይህ ከየትኛው እንደሆነ ካወቅን ግማሹን መንገድ ሄድን።» ከዚያ ከቆዳዋ ሥር በመርፌ ጨው ያለው ውሃ ሰጣት፤ ትከሻዋ ላይ እንደ ጉብታ አበጠ። ወተቱን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ወተት መርዝ አያረክስም፣ እማማ። እያስመለሳት አፏን ፈልቅቀው ቢያጠጧት ደግሞ ሳንባዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በራሷ ከፈለገች ንጹሕ ውሃ ብቻ። አንድ ነገር ይጠብቁልኝ፤ ሽንት። አንዳንድ ቅጠል የድመትን ኩላሊት ነው የሚያጠፋው። ከሸናች ተስፋ አለን።»

ቤት ስመለስ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ሳሎኑ መሐል ተንበረከክሁና ጉዝጓዙን እፍኝ እፍኝ እያነሳሁ መለየት ጀመርኩ። የትናንቱ ቄጠማ ጠውልጎ ነበር። ምራቴ ከጓዳ ወጣች።

«እማማ፣ ምን ጠፋዎት?»

«እስካሁን ምንም። እየፈለግሁ ነው።»

ከመስኮቱ በታች፣ ድመቷ መተኛት የምትወድበት አካባቢ፣ ከቄጠማው ጋር የተደባለቀ ሌላ ቅጠል አገኘሁ። ቄጠማው ሲደርቅ ይህ ገና እርጥብ ነው። ወርዱ በጥፍር የተሰነጠቀ፣ ከሩቅ ሲያዩት ቄጠማ የሚመስል። ጫፉ ደግሞ ተነክሷል። ወደ መስኮቱ ቀና አልኩ። የምራቴ አበባዎች እዚያ ናቸው፣ በተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች ተተክለው። ከመካከላቸው አንዱ ቅጠል የለውም። ጉቶ ጉቶው ብቻ ቀርቷል።

አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብለን እንጨት ስንለቅም ምራቴ ቆፍራ ያመጣችው ነው። ሥሩ እንደ ትልቅ ሽንኩርት ነው፣ ቅጠሉ ረጅም ነው፣ ዝናብ ሲጀምር ነጭ ላይ ሐምራዊ መስመር ያለው ጥሩንባ የመሰለ አበባ ያወጣል። ዱሩ በክረምቱ መግቢያ ላይ በእሱ ነጭ ይሆናል። ውብ ነው፣ እኔም ወድጄው ነበር።

ቅጠሉን ከጉቶው ጋር አጋጠምኩት። ምራቴ የማደርገውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ቄጠማው አልበቃ ብሎኝ ነው» አለች። «ዝናቡ ዘግይቶ የለም? ሴቶቹ ገበያ ያመጡት ትንሽ ነበር፣ ስደርስ ሰው ተሻምቶ ጨርሶታል። ሳሎኑ ግማሹ ባዶ ሆኖ እንግዳ ከሚገባ ብዬ የአበባዬን ቅጠል ቆረጥኩ። ቄጠማ እንዲመስል ሰነጣጥቄ በተንኩት። እማማ፣ እኔ እኮ ቤቱ እንዲያምር ነው…» ከዚያ ቁጭ አለችና አለቀሰች። «እኔ ነኝ የገደልኳት ማለት ነው?»

«ገና የሞተ የለም» አልኳት። «ሳያውቁ የሠሩትን ማንም ግድያ አይለውም። ተነሺ፣ ስልክሽን አምጪና ፎቶ አንሺልኝ። ሥሩንም፣ ጉቶውንም፣ ይሄን የተነከሰውንም።»

በጣም አዘንኩላት። ይህች ልጅ ለበዓሉ ስትባዝን ነው የሰነበተችው። ደግሞም በዓል ባይሆን የአበባ ቅጠል መሬት ላይ ማን ይበትናል? ጀሪካኑ ላይ ቢቀር ድመቷም ዞር ብላ አታየውም ነበር፤ አንድ ቀን ነክሳው አታውቅም። ጉዝጓዙ ላይ ሲሆን ግን ለእሷ የበዓል ምግቧ ነው።

ሐኪሙ የላክንለትን ፎቶ ለቀድሞ መምህሩ ልኮ ከሰዓት በኋላ ራሱ ቤት መጣ። ልጄም ቤት ነበር። ሐኪሙ ቅጠሉን እያገላበጠ፣ ከእንዲህ ዓይነት ሽንኩርት የመሰለ ሥር የሚያድጉት አበባዎች ብዙዎቹ ድመት እንደሚመርዙ፣ ከቅጠሉም ይልቅ ሥሩ እንደሚብስ ነገረን። ለሃጩም፣ ማስመለሱም፣ መፍዘዙም ከዚህ እንደሚመጣ አስረዳን። በጣም የከፋው ዘር ኩላሊት የሚያጠፋው እንደሆነና የእኛው ያ ስለመሆን አለመሆኑ መምህሩ እርግጠኛ እንዳልሆነ አልደበቀንም። ሌሎቹንም ጀሪካኖች ዞሮ አየ። ቅጠሉ ሰፊና ነጠብጣብ ያለበትን አፍና ምላስ የሚያቃጥል ነው ብሎ ወደ ውጭ አስወጣው። እሬቱን፣ ለሰው መድኃኒት ቢሆንም ድመት ከበላችው እንደሚያስቀምጣት ተናግሮ ከፍ አድርገን እንድንሰቅለው አዘዘ። ቀጭን ቅጠሉ እንደ ፀጉር ወደ ታች የሚወርደውን ግን «ይሄ ምንም አያደርጋትም፤ ለእሷ ተዉላት» አለ። ምራቴ ያን ሲላት ትንሽ ፈገግ አለች።

ልጄ እጁን አጣምሮ ሲያዳምጥ ቆየ።

«እና የአይጥ መርዝ አይደለም ማለት ነው?»

«የበላችው ቅጠል በእጃችሁ ነው፣ ምልክቷም ከሱ ጋር ይሄዳል» አለ ሐኪሙ። «ሌላ መርዝ ለመፈለግ ምክንያት የለኝም።»

ልጄ አንገቱን አቀረቀረ። ሐኪሙ እየተመላለሰ በመርፌ ውሃ እየሰጣት፣ ድመቷ መሬት ላይ ተዘርራ፣ ሽንቷን ስንጠብቅ ነበርና ለሌላ ነገር ልብ አልነበረኝም። ምራቴ አመድ በሳጥን አዘጋጅታ አጠገቧ አኖረች። ድመቷ አላየችውም። በየሰዓቱ ሄጄ አመዱን እነካለሁ፤ ደረቅ ነው። በሕይወቴ የማንንም ሽንት እንዲያ ናፍቄ አላውቅም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ልጄ ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን ሊያደርግ ሲል ጮኸ።

«እማዬ! ይቺ ድመትሽ!»

አዲሱ የቆዳ ጫማው ውስጥ ነው የሸናችው። ሞልቶ እስከ ክሩ ደርሷል። ድመቷ እየተንገዳገደች በሩ ጋ ቆማ ታየዋለች።

እልልታዬን አቀለጥኩት። ምራቴም ከጓዳ ሮጣ መጣችና አብራኝ እልል አለች። መንገደኛ ሰው ቆሞ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለን፤ ቤቱ ውስጥ ሴት የወለደች መስሎት ነው። ልጄ ጫማውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እኛን እያየ ቆየና መሳቅ ጀመረ፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ።

ሳቁ እስኪያልቅለት ጠበቅሁት።

«አሁን እንሂድ» አልኩት።

«ወዴት?»

«ጎረቤቴ ጋ።»

ሳቁ ጠፋ። «እማዬ፣ ነገሩ አልፏል እኮ። ድመቷም ድናለች። ሽማግሌም አልጠራሁ። ዝም ብንል ሰው ይረሳዋል።»

«አንተ ትረሳዋለህ። በርዋን አይተሃል?»

አላየም። እኔ ግን በየቀኑ ሳየው ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ጎረቤቴ በር ላይ አልተቀመጠችም። ዱካዋም፣ የለውዙ ትሪም የለም። አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች ስታልፍ «የዚያችን ሴትዮ ለውዝ እንዳትገዛ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ሄጄ አንኳኩቼ ነበር፤ ትልቋ ልጇ በሩን ሳትከፍት እናቷ ገበያ ሄዳለች አለችኝ። ሰው የማያውቃት ዳር ሄዳ እንደምትሸጥ ከሌላ ሰው ሰማሁ።

«እሺ፣ ማታ ቤቷ ገብቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አለ ልጄ።

«ማታ ቤቷ ገብተህ ነው የሰደብካት?»

«ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው የፈለግሽው?»

«አንተስ እሷን የት አዋረድካት? ቤቷ ውስጥ ቢሆን ቤቷ ውስጥ ትጠይቃት ነበር። አደባባይ የጣልከውን አደባባይ ታነሳለህ።»

የድሮ ጫማውን አድርጎ ተከተለኝ። ለመሥሪያ ቤቱ ደውሎ እንደሚዘገይ ተናገረ። ምን ምክንያት እንደሰጣቸው አልጠየቅሁትም።

ገበያው ዳር፣ ማንጎ የሚሸጡት አጠገብ አገኘናት። ሻሿን ዝቅ አድርጋ አስራለች። ትሪው ሙሉ ነው፤ ከጎኗ የምትሸጠው ሴት ትሪ ግን ግማሽ ደርሷል። ስታየን መነሳት ጀመረች።

«ቁጭ በይ፣ ለጠብ አልመጣንም» አልኳት።

ልጄ ቆመ። መጀመሪያ በለሆሳስ ጀመረ። ክንዱን ነካ አደረግሁት፤ ድምፁን ከፍ አደረገ። ማንጎ የምትመርጥ ሴት ቀና አለች፣ ጆንያ የተሸከመ ሰውም ቆመ።

«እኔ በፋሲካ ዕለት መርዘኛ ብዬሻለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ድመታችን የታመመችው እኛው ቤት በጎዘጎዝነው ቅጠል ነው። አንቺ ምንም አላደረግሽም። ሳላይ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጎረቤቴ ለውዙን በእጇ እያገላበጠች ሰማችው። ጨርሶ ዝም ሲልም ማገላበጧን አላቆመችም። ከዚያ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ሀቦባ፣ ድመቱ ዳነ?»

«ድናለች።»

«ሸና?»

ሐኪሙ ያለውን እንዴት እንደሰማች አላውቅም፤ በዚያ አጥር የማይሰማ የለም። «ሸናች» አልኳት።

«እሺ። ድመቱ ሸና፣ እኔ ንጹሕ ሆንኩ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ያ ነው የከበደኝ። «ድመቱ ቅጠሉን ባያስመልስስ? ዝም ብሎ ቢሞትስ፣ እኔ ምን ነበርኩ?»

ልጄ አየኝ። መልስ እንድሰጣት ነው። ጉዝጓዙን ባልፈልገው፣ ሐኪሙ ከቤቱ ባይገኝ፣ ትውከቱን ምራቴ ቀድማ ብትጠርገው፣ ይህች ሴት እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ መርዘኛ ትባል ነበር፤ እኔም ላምን እችል ነበር።

«መርዘኛ ትባዪ ነበር» አልኳት። «ልክ ነሽ።»

አንገቷን ነቀነቀች፤ ይህን ብቻ ልትሰማ የፈለገች ይመስል። ከዚያ ከትሪው እፍኝ ለውዝ ዘግና ወደ ልጄ ዘረጋች።

«ብላ።»

ልጄ ተቀበለና መብላት ጀመረ። በአንድ ጊዜ አፉ ውስጥ ሊከት ሲል «ቀስ ብለህ» አለችው። አንድ አንድ እያደረገ በላ። ጆንያ የተሸከመው ሰው ቆሞ ያያል፤ ማንጎ መራጯም ታያለች። ፀሐይዋ ጠንክራለች፣ የልጄ ግንባር ላብ አውጥቷል፣ አፉም ደርቋል መሰለኝ፣ የመጨረሻዎቹን በችግር ዋጣቸው። እኔም ከትሪው ዘግኜ አጠገቡ ቆሜ በላሁ። ማንም አላዘዘኝም።

ማንጎ ስትመርጥ የነበረችው ሴት ፌስታሏን ይዛ ጠጋ አለች።

«ጣሳው ስንት ነው?»

ጎረቤቴ ወዲያው ወደ እሷ ዞረች። ጣሳውን ሞላች፣ ከላይ ቆልላ ጨመረችላት፣ እንደገና ትንሽ ጨመረችላት። ሌላ ሴት ከኋላ መጣች። ጎረቤቴ ሁለቱን እያነጋገረች ፌስታል ስታቀብል ልጄ እጁን አጣጥፎ ፊቷ ቆሟል፤ አንድ ቃል፣ ቢያንስ ቀና ብላ እንድታየው እየጠበቀ ነው። ቀና አላለችም።

እጅጌውን ያዝኩት።

«ና እንሂድ» አልኩት። «አትከልላት፤ ሥራ ላይ ናት።»